በፊውዙ ያላለፈው ሽቦ

አራተኛው ፊውዝ ተነቅሎም አምፖሏ አልጠፋችም።

«አሁንም ትበራለች?» አለ ዐብዲሻኩር፤ ከሟቹ ከሽሬ ጋር ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ጎረቤት ነው።

«ትበራለች።»

የሟቹ ልጅ መሃድ የፔጆ ታክሲዋን የባትሪ ኬብል ፈትቶ፣ በመሃል ትንሽ መሞከሪያ አምፖል አስገብቷል። መኪናዋ ጠፍታ ቆማ አምፖሏ ከበራች፣ ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ በተዕዚያው የለቅሶ ድንኳን፣ ቁርዓን ይቀራል። ሦስተኛው ቀን ነው።

«ዋርያ፣ ተወው አቦ! አጀል ነው። የሽሬ ቀን ደረሰ፣ ሄደ።»

«ባትሪው አዲስ ነበር፣ አዴር አጎቴ። መኪናዋን ምን እንደገደላት ማወቅ አለብኝ።»

ሰኞ ንጋት ላይ ሽሬ ደረቱን ይዞ፣ ልጁ ሆስፒታል እንዲያደርሰው ፔጆዋ ውስጥ ገባ። መሃድ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ዝም። ባጃጅ ይዞ ሲመለስ አባቱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አልፏል።

ሽሬ ማታ ማታ ያንን ኬብል ሳይፈታ አይተኛም ነበር። «ትሰረቃለች ብለህ ነው? ይቺን ማን ይወስዳታል!» እያለ መሃድ ይስቅበታል። ቅዳሜ ግን አዲስ ባትሪ ገጠመለትና «ከእንግዲህ መፍታት የለም» አለው። ሽሬ ትንሽ አመነታ። ከዚያ «ኮሌጅ የገባኸው አንተ ነህ» ብሎ መፍቻውን አስቀመጠ። እሑድ መኪናዋ ቆማ ዋለች።

መሃድ የመጨረሻውን ፊውዝ ነቀለ። አምፖሏ እንደበራች ናት።

በፊውዝ የማያልፍ፣ በኋላ የተጨመረ ሽቦ በዚህች መኪና ውስጥ አንድ ብቻ ነው፦ አምና ለዒድ ከታይዋን ገበያ ገዝቶ የገጠመው ሬዲዮ። አባቱ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያለ ቁልፍ የሱማልኛ ዜና ይስማ ብሎ፣ ራሱ መሃድ ቀጥታ ከባትሪው ጋር ያገናኘው።

ሽቦውን ነቀለ። አምፖሏ ጠፋች።

ዐብዲሻኩር ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ታውቅ ነበር?»

«ሽሬ ነግሮኛል። ኤሌክትሪሻኑ ‹ሬዲዮው ጠፍቶም ባትሪ ይበላል፣ ይነቀል› ቢለው እምቢ አለ። ‹ልጄ በእጁ የሠራውን? ወላሂ አላስነካም! ማታ ማታ ኬብሉን ብፈታ ምን ይከብደኛል?› አለ።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እንዳታፍር ነዋ።»

ለዱዓ ተጠሩ። ሼኹ ሟቹን አላህ እንዲምር ለመኑ፤ ቀጥለውም «እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያገለገለውን ልጁንም ይባርክልን» አሉ።

«አሚን!» አለ ሰዉ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

የመሃድ እጆች ጉልበቱ ላይ ቀሩ። አጠገቡ የተቀመጠው ዐብዲሻኩር አንዱን በቀስታ ከሥር ይዞ አነሳለት። ሌላው እዚያው ቀረ።