የዓምና ጣዕም

ሙሐመድሳኒ ምላሱ ከከዳው ስምንት ወሩ ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና አላህ ብቻ ናቸው። ሚስቱ በተቀበረች ሳምንት ክፉ ጉንፋን ያዘው፤ ጉንፋኑ ሲለቀው ሽታና ጣዕሙን ይዞበት ሄደ። እንባም አልመጣለትም። ቡናውም ውሃውም ሐዘኑም አንድ ሆነበት።

አጋሮ ላይ ግን ከእሱ የሚበልጥ ቡና ቀማሽ የለም፤ ያውም ሃያ ዓመት የተመሰገነ! ስለዚህ ዝም ብሎ መፍረዱን ቀጠለ። ለቅምሻ የሚደረደሩት ስኒዎች ቁጥር እንጂ የገበሬ ስም የላቸውም። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ጆንያ የሚያራግፉትን ሰላም ይላል፤ የማን ቡና እንደሆነ፣ ሰፈሩን ዝናብ መትቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ኋላ ከየስኒው ፊት የተቀመጠውን ጥሬ ቡና በር ላይ ካየው ጋር አመሳክሮ ባለቤቱን ይለያል። ከዚያ ፉት፣ እንትፍ፣ ነጥብ። ደግሞ አይስትም፤ ደህና ገበሬ ደህና ቡና ያመጣልና።

መዝገብ ያዥዋ ሔራን ስታቲስቲክስ የተማረች ናት። አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ በባዶ ጭንቅላት የሚፈርድ የለም፤ ሁሉም አስቀድሞ የሚያምነው አለው። ስኒው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ሲመጣ እምነትን በዚያው ልክ ፈቀቅ ማድረግ ነው" አለችው።

"ማስረጃው ባይመጣስ?"

"ያመኑት እንዳለ ይቀመጣላ!" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ባህሪያ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቡናዋን መሬት ላይ አስጥታ ሻጋታ የሸተተባት ገበሬ ናት። ዘንድሮ ቀይ ቀዩን ለቅማ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥታ፣ በየሰዓቱ እያገላበጠች አደረቀችው። ሙሐመድሳኒ በር ላይ ስሟን ሰማ። ሰባት ቁጥር ስኒ ፊት የተቀመጠው ጥሬዋ ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ላይ ላዩን አሳምራ ነው ብሎ "ሻጋታ" ጻፈበት። ልፋቷ ሁሉ ከተራው ቡና ጋር ሊደባለቅ ሆነ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ!

ሔራን ከእሱ ቀጥላ ያንኑ ስኒ ቀመሰች። ማር ማር አላት። "ጋሼ፣ ሰባት ቁጥር ይደገም?" ስትል ባህሪያ ውጤቷን ሰምታ ገባች።

"ያ አባ፣ ወላሂ ዘንድሮ መሬት አልነካም። ቀምሰውታል?"

ደግሞ ፉት አለ። ትኩስ ውሃ። ጣቶቿን አየ፤ የእሸት ቡና ጭማቂ ጥፍሯን አጥቁሮታል። ድንገት ደከመው።

"አልቀመስኩም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የቀመስኩት የለም።"

ሞተች የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ገና መጀመሪያው ነበር። ቃሉም አልመረረውም።

"ታዲያ ሻጋታ ያሉት ምኑን ነው?"

"ዓምና የነበርሽውን።"

ማንኪያውን ጠርጎ ለሔራን ሰጣት። እሷ ሰባት ቁጥርን እንደገና ስትቀምስ፣ እሱ አግዳሚው ላይ ከባህሪያ ጎን ተቀምጦ እንደማንኛውም ገበሬ ፍርዱን ጠበቀ።