በዓይን የተለካ ካባ

የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ልክ» ይላቸዋል። ሜትሩ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለው ለወጉ ያህል ነው፤ ሰው በልብስ ስፌት ሱቃቸው ደጃፍ ሲያልፍ ወገቡንና ትከሻውን በዓይናቸው ለክተው ይጨርሱታል። አንዱ ደንበኛ «ኧረ ይለኩኝ እንጂ» ቢላቸው «አንተ ዝም ብለህ ተራመድ» አሉት ይባላል፤ ሱሪውም ልክክ አለለት። ታዲያ ሰው ሲያሞግሱት ግትር መሆኑ አይቀርም። ጋሽ ልክም የሚያውቁትን ሰው በሜትር መለካት ስድብ ይመስላቸው ጀመር።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። እናቷ የሞተችው ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል ስለሆነ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በስሟ የሚጠሯት ሲቆጡ ብቻ ነው፤ አለዚያ ቁመቷ በሩን ቢያክልም «ሚጣ» ናት። ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ቤቱ ጭር አለባቸው። የመጀመሪያው ዕረፍት ሲደርስ አልጋዋን አንጥፈው፣ ደጅ ደጁን እያዩ ሲጠብቁ ስልክ ደወለች። ከግቢው አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጀምራለች፤ በዕረፍት ወቅት ደግሞ ሠራተኛ ስለሚያንስ መቅረት አለባት። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ደግ አደረግሽ» አሏት። ስልኩን ዘግተው ያነጠፉትን አልጋ መልሰው አነሱት።

ቀጣዩም ዕረፍት እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም። በመሃል አንዴ ብቅ ብላ እንደ እንግዳ አድራ ሄደች። ጎረቤት «ልጅዎ የሰው ሽማግሌ ትጦራለች አሉ፤ ወልዶ መባረክ ይሏል ይሄ ነው» ሲላቸው ምርቃቱን ይቀበላሉ፤ ሽማግሌ እኮ እዚህም አለ የሚለው ነገር ግን ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ደግነቷን ይወዱላታል። ይቀኑበታልም። እነዚያ የማያውቋቸው ሽማግሌዎች ድምፅዋን እየሰሙ ይውላሉ፤ እሳቸው የሚሰሙት የስፌት መኪናቸውን ነው።

ትምህርቷን ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰቡን በነፃ ሲያገለግሉ የቆዩ ተመራቂዎችን የሚያከብርበት የተለየ ቀን አለው። አረንጓዴ ጨርቅ ለቤተሰብ ይላካል፤ ቤተሰብ ካባ አሰፍቶ ያመጣል፤ ካባውም ለተመራቂው መድረክ ላይ ይደረብለታል። ጨርቁ ሲደርሳቸው ሚጣ ልኬን በስልክ ልንገርህ ብትላቸው ሳቁባት። ልክሽን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ ብለው ጨርቁን ዘረጉ። ሲሰፉ የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር፤ ካባውን በገዛ እጃቸው ያለብሷታል፣ ከዚያ ይዘዋት ይመለሳሉ። ክፍሏን ቀለም አስቀብተዋል። ሱቁንም ለሁለት ከፍለው መስኮቱ ያለበትን በኩል የራሷን ሥራ እንድትጀምርበት ትተውላታል። ይህን ሁሉ ለማንም አልተነፈሱም፣ ለእሷም ጭምር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ትመጣለች ያሉትን ነገር ልባቸው አልለቅ ብሎ ነው።

የክብሩ ዕለት ጠዋት አረጋውያን መኖሪያው ደረሱ። ሚጣ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ቶሎም አልለቀቋት። ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብተው ካባውን ሲደርቡላት ግን ትከሻዋ ላይ ሰንጎ ያዛት፤ የደረቱ ቁልፍ ከቀዳዳው ጋር አልገናኝ አለ። አጠገባቸው አንሶላ የምትተኩስ ሴት «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሲባል አልሰሙም እንዴ፣ አባባ?» ብላ ቀለደች። ሚጣ ሳቀች። ጋሽ ልክ አልሳቁም። እሳቸው የሰፉት ሻንጣዋን ይዛ ለሄደችው ለዚያች ቀጭን ልጅ ነበር፤ ፊታቸው የቆመችው ትከሻዋ የሰፋ፣ ክንዷ የጠና ሴት ናት።

ደግነቱ የልብስ ሰፊ ልማድ ሆኖ ከስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትተዋል። ቁጭ ብለው መተርተር ጀመሩ። ያን ጊዜ ከማዶው ክፍል አንድ ሽማግሌ ተጣሩና ሚጣ ሄደች። በተከፈተው በር አዩዋት። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ የነዱ ናቸው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ «ሾፌር» ይላቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸውም። ሚጣ ጎንበስ ብላ በብብታቸው ሥር እጇን አስገባችና ሞተር እናስነሳ እያለች እያሳቀቻቸው፣ ክብደታቸውን በትከሻዋ ተቀብላ አነሳቻቸው። ጋሽ ልክ መርፌያቸውን እንደያዙ ቀሩ። ትከሻዋ የት እንደሰፋ አሁን ገባቸው።

ስትመለስ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ካባውን መድረክ ላይ የሚደርበው ተመራቂው ያገለገለው ሰው እንደሆነ፣ እሷም ሾፌርን እንደመረጠች እያፈረች ነገረቻቸው። «ይሁና» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

«ታውቃለህ አባዬ» አለች፣ «አንድ ሽማግሌ ባነሳሁ ቁጥር፣ እዚያም አባቴን አንድ ሰው ደግፎ ያነሳዋል እላለሁ። እንደዚያ ባልል ኖሮ አልችለውም ነበር።»

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው ይዟቸው ከአልጋ ሳይወርዱ የዋሉበትን ቀን አስታወሱ። ያን ቀን በራቸውን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተራዋ ደርሶ ሚጣ ስትጠራ ሾፌር ምርኩዛቸውን ለአስተናጋጁ ሰጥተው ካባውን በሁለት እጃቸው ዘረጉና ትከሻዋን በአየር ላይ ይፈልጉ ጀመር። እሷ ትንሽ ወደ ግራ ቆማ ኖሮ እጃቸው ባዶውን ዳሰሰ። ሕዝቡ ፈገግ አለ። ጋሽ ልክ ግን ያን የሾፌርን ፊት ያውቁታል፤ በየዕረፍቱ ደጅ ደጁን ሲያይ የከረመ የራሳቸው ፊት ነው። ሚጣ ጠጋ አለች፣ እጃቸው ትከሻዋን አገኘ፣ ፊታቸውም በራ። ቁልፉ ገጠመ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጋሽ ልክም እንባቸውን ሳይጠርጉ አጨበጨቡ። ኮርተዋል፣ ከፍቷቸዋልም፣ የትኛው እንደሚበልጥ እሳቸውም አያውቁት።

ከሰዓት በኋላ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘቻቸው። መንገድ ላይ የደበቀችውን አወጣች። መኖሪያ ቤቱ በደመወዝ ቀጥሮ የአረጋውያኑ እንክብካቤ ኃላፊ ሊያደርጋት ይፈልጋል፤ እሷ ግን ገና መልስ አልሰጠችም።

«አንተ ነይ ካልከኝ አሁኑኑ ዕቃዬን ይዤ አብሬህ እሄዳለሁ» አለቻቸው።

ይህን ቃል ስንት ዘመን እንደተመኙት እሳቸውና ትራሳቸው ያውቃሉ። ነይ ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው፤ ቃሏ አፋቸው ላይ ደርሳ ነበር። ግን እጃቸውን በባዶው ላይ የዘረጉት ሾፌር ፊታቸው ላይ ድቅን አሉባቸው።

«ቅሪ» አሏት።

«አንተንስ ማን ያይሃል?»

«ምን ሰው አጥቼ! ጎረቤቱ በሬን ሲያንኳኳ ነው የሚውለው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል አልሰማሽም?»

እየሳቁ ነበር የተናገሩት። ሚጣ ትኩር ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየች፤ ከዚያ እፎይ ብላ አቀፈቻቸው። አመነቻቸው። ጋሽ ልክ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው ቦታቸውን ያዙ። ሚጣ ከመስኮቱ ሥር ቆማ እጇን ታውለበልባለች። መኪናው እስኪነሳ ድረስ፣ ሮጣ ገብታ «ውሸትህን ነው» እንድትላቸው ጠበቁ።