አትርጋ

በባልዲ የተቀዳ ደም መጀመሪያ ያብለጨልጫል፤ ወዲያው እንደ ጉበት ይረጋል። ቄራ ውስጥ ቆዳ እየገፈፍኩ ስላደግኩ ይህን ሳይ ነው የኖርኩት። የራሴን ግን አላውቅም ነበር።

ስኳር እንዳለብኝ ታውቆ ኢንሱሊን በጀመርኩ ሰሞን፣ የላቦራቶሪዋ ሴትዮ ለታላቅ ወንድሜ «የዚህ ልጅ ደም ቶሎ ይረጋል» አለችው። ፕላትሌት የሚባሉት ደም የሚያቆሙ ቅንጣቶች፣ ሳይነኳቸው እርስ በርስ እየተጣበቁ ነው ልትለው ኖሯል። እሱ ግማሹን ሰምቶ ወጣ። «የኔ ወንድም ቢቆረጥም አይደማም!» እያለ ቄራውን ሞላው። ከዚያ ወዲያ ስሜ እርጎ ሆነ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ መጋዝ የምንለው አጥንት ቆራጭ ቢላዋውን እየሳለ ለከፈኝ።

«እርጎ! ደምህን በማንኪያ ነው አሉ የሚጨልፉት!»

«እኔ እርጎ ከሆንኩ፣ አንተ ዝንቡ ነሃ።»

ቄራው በሳቅ ፈረሰ። የመጋዝ ፊት ጠቆረ። ቢላዋው ሲመጣ አላየሁትም፤ ቀኝ ክንዴ ከክርኔ በታች እንደ በግ ቆዳ ተከፈተ። ወንድሜ የመጋዝን ማጅራት ይዞ ከብረት ጠረጴዛው ጋር አላተመው። ደግሞ አላተመው። አፍንጫው ደቀቀ፣ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«ረጋ በሉ!» ብሎ ጮኸ አለቃችን። ማን ይርጋ!

ሲገላግሏቸው የእኔ ደም ቆሟል። ወንድሜ ክንዴን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«አላልኳችሁም? ሐኪም ቤት ምን ሊሠራለት!»

በጨርቅ ላላ አድርጎ ጠቀለለልኝ። እኔም አመንኩትና ወደ ቆዳ ገፈፋዬ ተመለስኩ።

ትንሽ ቆይቶ መግፈፊያ ቢላዋዬ ከእጄ ወደቀ። ጣቶቼ ነጥተው ነበር፤ ከዚያ ጠቆሩ።

«ጋሼ፣ ጣቶቼ የሉም።»

«ምን ይላል ይሄ! ይኸው አሉ!» ጥፍሩን ሥጋዬ ውስጥ ቀበረ። እያየሁት ምንም አልተሰማኝም። ያኔ ፊቱ አመድ መሰለ።

አዝሎኝ ሮጠ። የሐኪም ቤቱን በር በእርግጫ ከፈተው። ሴትዮዋ እጄን አየችና እሱ ላይ ጮኸችበት።

«ቶሎ ይረጋል አልኩህ እንጂ፣ እሰየው አልኩህ? ቁስሉን የደፈነው ደም የደም ሥሩንም ደፍኖታል!»

ቀዶ ጥገና ክፍል እስኪያስገቡኝ ወንድሜ ተንበርክኮ ጣቶቼ ላይ ይተነፍስ ነበር። የመጋዝ ደም ጡጫው ላይ ደርቋል። ዕድሜዬን ሙሉ «ረጋ በል» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ «አትርጋ፣ ወንድምዓለም፣ አትርጋ» ይላል።

ስነቃ ክንዴ በፋሻ ተጠቅልሏል። መጨረሻውን በዓይኔ ፈለግኩት። አጭር ነው።

ወንድሜ እግሬ ሥር ተቀምጧል፤ ረግቶ።