የአምናው አረንጓዴ እንግዳ

"ላኪው እንጂ ኢጦ! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሰማዩ እስኪፈርምልሽ ነው?"

የአጎቴ ልጅ ባሱ ውጤቱን ለአለቃችን እንድልክ እየጎተጎተኝ ከጀርባዬ ይንጎራደዳል። የእኔም ልብ ቢሆን ይዘላል። በእኔና በእሱ ጣሪያ ላይ ያሉት ካሜራዎች ዛሬ ንጋት ላይ የያዙት ተወርዋሪ ኮከብ፣ ከፀሐይ አንጻር በሰከንድ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። የፀሐይ ቤተሰብ የሆነ ድንጋይ እኛ ጋ ሲደርስ ከአርባ ሁለት አያልፍም። እነዚያን "የሰፈር ልጅ" እንላቸዋለን። ካለፈ ግን ከሌላ ኮከብ የመጣ እንግዳ ነው።

ችግሩ፣ እኔ ሁለት ጊዜ "እንግዳ መጣ!" ብዬ ጮኼ ሁለቴም ተሳስቻለሁ። ማራኬሽ ያሉት አለቃችን ዶክተር ራብሓ "ልጄ፣ ሦስተኛ ከተሳሳትሽ ካሜራዎቹን ነቅዬ ለሌላ እሰጣለሁ" ብለውኛል። ሴትዮዋ ያሉትን ያደርጋሉ። እኔ ደግሞ ያለ ካሜራዎቹ ምን እንደምሆን አላውቅም።

"ስንት ሰዓት ላይ ነው ያየኸው?" አልኩት።

"አሥር ሰዓት ካሥር። የሌሊቱን ምግብ፣ ሱሑር እየበላሁ፣ ቴምሩ እጄ ላይ እንዳለ!"

ስክሪኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል። ስህተቱ ያኔ ገባኝ።

አገራችን ዓመቱን ሙሉ ከዓለም ሰዓት በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ረመዳን ሲገባ ግን ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሳ እኩል ትሆናለች። የአገሩን ሰዓት ወደ ዓለም ሰዓት ለመቀየር የስሌቱ ፕሮግራም ሁልጊዜ አንድ ሰዓት እንዲቀንስ ያዘዝኩት እኔው ነኝ፣ ረመዳንን ረስቼ። በዚያ አንድ ሰዓት ምድር ስለምትዞር ድንጋዩ የመጣበት አቅጣጫ ይዛባል፤ ከፀሐይ አንጻር ያለው ፍጥነትም አብሮ ይዛባል።

አስተካክዬ አሰላሁት። አርባ አንድ።

"የሰፈር ልጅ!" ባሱ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለ። "አይ አንቺ! ዝም ብለሽ ብትልኪው ምን ነበረበት?"

"ካሜራዎቼ ነገ የዶክተር ራብሓ መኪና ላይ ይጫኑ ነበራ!"

ተቆጣሁት እንጂ እኔም ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ለማፍጠሪያ አሥር ደቂቃ ቀርቷል፣ የሐሪራው ሾርባ ሽታ ከታች ይጣራል።

"የአምናውን አረንጓዴ ኮከብም እንዲሁ አጓጉተሽኝ የሰፈር ልጅ ነው አልሽ" አለ ባሱ እንዳኮረፈ።

"እሱ መቼ ነበር?"

"ሃያ ሰባተኛው የጾም ሌሊት ነዋ! መንደሩ ሁሉ ከመስጊድ ሲወጣ አይቶት የለ እንዴ?"

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ረመዳን! እሱንም ያሰላሁት በዚያው በተሳሳተው ሰዓት ነው። ፋይሉን ከፍቼ የጎደለችውን ሰዓት መለስኩለት። አርባ ሰባት። የካሜራዎቹን ስህተት በሙሉ ብቀንስለት እንኳ ከአርባ አምስት አይወርድም። ሦስቴ ደጋገምኩት፤ ባሱም በራሱ እጅ አሰላው። ያው ነው።

አዛን ተባለ። ሁለታችንም ለማፍጠር አልተነሳንም። ዶክተር ራብሓ ጋ ደወልኩ።

"ቴምር አፌ ውስጥ ነው፣ ቶሎ በይ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ ስህተት ሠርቻለሁ" አልኳቸው እየሳቅኩ። "እንግዳው አምና መጥቶ በራችንን አንኳኩቶ ነበር። ያልከፈትኩለት እኔ ነኝ።"

ማንኪያ ሳህን ላይ ሲወድቅ ተሰማኝ።

"ሐሪራው ይቀዝቅዝ" አሉ። "ቁጥሩን አንድ በአንድ ንገሪኝ።"