ያለ ማውስ

አዲሱን ማውስ ከነካርቶኑ ጋሽ ተክላይ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። አሮጌው ሦስት ቀን ከቦታው ስለጠፋ ተበላሽቷል ብዬ ነው የገዛሁላቸው። እሳቸው ካርቶኑን በአንድ ጣት ወደ እኔ ገፉት።

«አክስትሽ ናት የላከችሽ?»

«አይ፣ እኔው ነኝ።»

«ተስኒም፣ ሰው ሂድ የሚባለው በአፍ ነው፤ በዕቃ አይደለም።»

መሳቢያውን ሳቡት። አሮጌው ማውስ በገመዱ ተጠቅልሎ ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አሳዩኝ። ይንቀጠቀጣል። ክረምት ላይ ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ሆኗል። ሲጽፉ ቁልፉ ለጣታቸው ማረፊያ ስለሚሆን ብዙም አይታወቅም። ማውስ ሲይዙ ግን ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ትባዝናለች፤ «ላክ» የሚለውን ፈልገው «ሰርዝ» የሚለውን ይነካሉ።

የአክስቴ የዙህራ ጽሕፈት ቤት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለች ባለ ሁለት ወንበር ክፍል ናት። ጋሽ ተክላይ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ጽፈውባታል። አሁን አብዛኛው ደንበኛ የሚመጣው ኢንተርኔት ላይ ፎርም ለማስሞላት ነው። አክስቴ ከሰኞ በኋላ ፎርም መሙላት የማይችል ወንበሩን ይለቃል ብላ፣ ከስድስት ኪሎ አንዲት ተመራቂ ለማክሰኞ ጠርታለች። ዕለቱ ሐሙስ ነበር።

ይቅርታ ማለት ስላቃተኝ፣ ያለ ማውስ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ ብራውዘር፣ ማለትም ኢንተርኔት መክፈቻ፣ ልፈልግላቸው ላፕቶፔን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የሞከርነው ብራውዘር ሁሉም ሰው ያለው ነው። አንዲት ቁልፍ በተመታች ቁጥር ከአንዱ ነገር ወደ ቀጣዩ ይዘላል። ፎርሙ ጋ እስክንደርስ አርባ አንድ ጊዜ መታን።

«ይሄማ ከአትክልት ተራ ተነስቶ በየሱቁ እየገቡ ፒያሳ መውጣት ነው» አሉ።

ሁለተኛው በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ እንዲታዘዝ ተብሎ የተሠራ ነው። አንድ ፊደል ሲመቱ፣ ስክሪኑ ላይ ሊነካ የሚችል ነገር ሁሉ አጠገቡ ትንሽ የላቲን ፊደል ይወጣለታል፤ ያንን ፊደል መምታት እንደ መንካት ይቆጠራል። እኔ ስሞክረው ሠራ። እሳቸው በራሳቸው ኮምፒውተር ሲመቱ ዝም አለ። ደግመው መቱ። እጃቸውን ወደ ጭናቸው መለሱ።

«እኔን አይሰማኝም» አሉ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእሳቸው ቁልፍ ሰሌዳ ሁልጊዜ አማርኛ ላይ ነው፤ ብራውዘሩ የሚጠብቀው ደግሞ ላቲን።

«ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩታ።»

«የሰውየውን ስም በአማርኛ ጻፍኩ። አንድ መስመር ልውረድ ብዬ እንግሊዝ ሆንኩ። የአባቱን ስም ልጽፍ ደግሞ ተመልሼ ሐበሻ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ሦስተኛውን ቅዳሜ አገኘሁት። መልኩ ባዶ ነው፤ ግን ምልክቶቹን ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። በፊደል ፋንታ ቁጥር አደረግኩላቸው፣ ቁጥር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያው ነውና። ቁጥሮቹን ስክሪኑ ላይ ለማስወጣት ደግሞ ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች አንዷን መደብኩ። ጋሽ ተክላይ እስኪመሽ ተለማመዱ። ሲሄዱ አዲሱን ማውስ ጠረጴዛው ላይ አላገኘሁትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ መልሰውልኛል።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ነጋዴ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ማመልከቻ ልታስሞላ መጣች። አክስቴ ከወንበሩ ኋላ ቆመች። ጋሽ ተክላይ ከኪሳቸው ሰፊ ነጭ መሐረብ አውጥተው ሁለቱንም እጃቸውን ሸፈኑበትና ሳያዩ መጻፍ ጀመሩ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«የታይፕ ትምህርት ቤት ደንብ ነው፣ ወይዘሮ ዙህራ። ተማሪ ጣቱን እንዳያይ እጁ ይሸፈናል።»

አንድ ጊዜ ተሳስተው ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው። በመጨረሻ «ላክ» አጠገብ የወጣውን ሰባት ቁጥር መቱ፤ ማመልከቻው እንደ ደረሰ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ሴትዮዋ መረቀቻቸው።

አክስቴ ስክሪኑን አላየችም። መሐረቡን ነበር የምታየው፤ ጫፉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣችና ለስድስት ኪሎዋ ልጅ ደውላ እንዳትመጣ ነገረቻት።