ከከበሮው ኋላ የምትተው ቦታ

የሙሉ ልብስ ልምምድ ጥቅሙ ምንድን ነው ቢባል፣ በማርሽ ባንዱ ውስጥ መልሱ እንደየሰዉ ነው። አለቃው «ሥርዓት!» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ ካሰቡ ኮፍያቸው ይወድቃል። ልብስ ክፍል ያሉት፣ ሁሉም እትዬ መርፌ የሚላቸው ሰፊ፣ «ማን ቦርጭ እንዳወጣ ለማወቅ ነዋ» ይላሉ። ሲምባል መቺው ጋሽ ሳህን ደግሞ፣ ዕድሜውን ሁለት ሳህን ሲያጋጭ ኖሮ ጆሮው የደከመ፣ ምላሱ ግን የሰላ ሽማግሌ፣ «እንዲበላሽ ነው» ባይ ነው። «የሚበላሽ ነገር ሁሉ ዛሬ መጥቶ ይበላሽና ነገ ሥራ ፈቶ ይቀመጥ።»

ትንሿ ዱም ይህን ቀልድ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው አድጋለች። ትልቁን ከበሮ ይመታ የነበረው አባቷ ነው። ሰዉ ጋሽ ዱም ይለው ነበር፤ እሷ ከኋላው ኩስ ኩስ ስትል ጊዜ ትንሿ ዱም ተባለች፣ ስሙም በዚያው ተጣበቀባት። ጋሽ ዱም ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። ስሙን ወርሳለች። ከበሮውን ትውረስ አትውረስ ግን የሚታወቀው ዛሬ ነበር። አለቃው ጠዋት ቁርጡን ነግረዋታል፤

«የመንገዱን ማዕዘን በሥርዓት ካዞርሽን ነገ ሰልፉ ላይ አንቺ ነሽ። ካልሆነ ለወንድሜ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

የወንድማቸው ልጅ ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ከግራና ከቀኙ ጋር ግን ገና ያልተዋወቀ ጎረምሳ ነው።

የአባቷ ቀኝ እግር ጤነኛ አልነበረችም፤ ይጎትታት ነበር። ስለዚህ በግራ ሲረግጥ ምቱ በሰዓቱ ይወርዳል፣ በቀኝ ሲረግጥ አንዲት ትንፋሽ ዘግይቶ። ባንዱም በዚህ ከበሮ ሲራመድ ኖሮ፣ ሳያውቀው ሁሉም አንካሳ ሆነ። አንዱን ትሮምቦን ነፊ ሚስቱ ሐኪም ዘንድ ወስዳው፣ «እግሩ ምንም አልሆነም፤ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ተብላ ተመልሳለች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ትንሿ ዱም በተራ ልብስ ልምምድ ቀጥ አድርጋ እየመታች አቃናቻቸው። «እፎይ፣ እንደ ሰው መሄድ ጀመርን» ብለው አለቃው ራሳቸው አመስግነዋታል።

ቤት ግን አልተቃናም። እናቷ ዛሬም ሲመሽ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተወዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ ሳህን ታኖራለች። ልጅቷ፣ ልማድ ነው፣ ቀስ እያለ ይለቃታል ብላ አይታ እንዳላየች ሆናለች።

ከቀትር በኋላ ዩኒፎርሟን ልትወስድ ልብስ ክፍል ስትደርስ፣ መግቢያው ግድግዳ ላይ የአባቷ ሙሉ ልብስ ተሰቅሏል። ተተኩሷል። ኮፍያው ከላዩ፣ ቦት ጫማው ከሥሩ፤ ጫማው ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል።

«ይሄ ለማን ነው?» አለች።

እትዬ መርፌ ቀና አላሉም። «ለማንም። ሙሉ ልብስ በሚባልበት ቀን ሁሉም ልብስ ይወጣል። ድሮም እንዲሁ ነው።»

«የሚለብሰው ሰው ከሌለስ?»

እትዬ መርፌ ክሩን በጥርሳቸው በጠስ አደረጉት። «የኔ ልጅ፣ የኔ ሥራ ማውጣት ነው። መልበሱ አይመለከተኝም።»

ሰልፉ ሲደራጅ፣ ሁልጊዜ መጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቆሙት እሷና ጋሽ ሳህን ናቸው። ዛሬ ጋሽ ሳህን ክንዷን ይዞ አንድ እርምጃ ወደፊት አስጠጋት።

«ቦታችን ያ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

«ዛሬ የኛ አይደለም። በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ባንድ በሙሉ ልብስ ቀን ቦታውን ይተውለታል። በነገው ሰልፍ አይተውለትም። ዛሬ ብቻ።»

«ለምን?»

«መሄጃውን እንዲሄድ ነዋ! ከኔ በፊት ሳህን ይመታ የነበረው ሰውዬ ሲሞት፣ ተረት ነው ብለን ቦታ ሳንተው ቀረን። በሰልፉ ቀን እኔ አንዴ ሳጋጭ ሁለቴ ጮኸ። የክብር እንግዳው ለሳቸው ክብር የተጨመረ መስሏቸው እጅ ነሡ።» ሳቀ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «አንድ ነገር ብቻ፤ ወደኋላ እንዳትዞሪ። ሰልፍ ላይ ነሽ።»

መንገዱ ለልምምዱ ተዘግቷል። ሱቆቹ መዝጊያቸውን አውርደዋል። ተመልካች የለም፤ ለነገ የተደረደሩት ባዶ ወንበሮች ብቻ በግራና በቀኝ ቆመው ይጠብቃሉ። መድረኩ ላይ በክብር እንግዳው ቦታ የባንዱ ግቢ ዘበኛ ተቀምጧል፤ ሥራውን ከልቡ ስለያዘው ገና ሙዚቃው ሳይጀመር አንቀላፍቷል። ይህን ሁሉ ነሐስ፣ ይህን ሁሉ ቁልፍና ላባ ማንም በሌለበት ማሳየት ደስ አይልም። ሰዉ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ዓይን ቀድሞ የተቀመጠ ይመስላል።

«ወደፊት፣ ሂድ!» አሉ አለቃው።

ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ቀጥ አድርጋ ጀመረች። ባንዱም ቀጥ ብሎ ተከተላት። መድኃኒት ቤቱን አለፉ፣ ጸጉር ቤቱን አለፉ። ከዚያ ከኋላዋ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ጫማ ሰማች።

ጠቅ። ሸሽሽ። ጠቅ። ሸሽሽ።

ይህን ድምፅ በየትም ብትሰማው አትስተውም። በልጅነቷ ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና በደረጃው ሲወጣ እየቆጠረችው እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። አንገቷ ሥር የላብ ጠብታ ተንከባለለ። ዞሮ ማየት አይቻልም። መምቻውን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ቀጥ ብላ መታች።

ሰዉ ግን እሷን መስማት ትቶ ነበር። ከፊቷ ያሉት ትሮምቦኖች ትከሻ ዘንበል አለ። ቀጥሎ ክላርኔቶቹ። ቀጥሎ፣ ከሁሉ ፊት ጀርባቸውን ሰጥተው የሚሄዱት አለቃው ራሳቸው በቀኝ እግራቸው ሸብረክ ማለት ጀመሩ። ባንዱ በሙሉ አነከሰ። እሷ ትመታለች፤ እነሱ በሌላ ሰው እግር ይሄዳሉ።

ማዕዘኗ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ፈረሰ። ግማሹ በከበሮው፣ ግማሹ ከኋላ በሚመጣው ሲዞር፣ የአንዱ ትሮምቦን ዘንግ የፊተኛውን ማጅራት ወጋ፣ ኮፍያ ተንከባለለ፣ አንዱ ክላርኔት ነፊ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ራሱን አገኘ።

«ቁም!» አለቃው እየሮጡ መጡ። «የማንን እግር ነው የምትመቺው አንቺ?»

«የኔን።»

«የኛንስ ማን እየመታልን ነው ታዲያ?» አሉ፤ አሉና ራሳቸው በጥያቄያቸው ደነገጡ። ከትከሻዋ በላይ አሻግረው አንዴ አዩና ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። ድምፃቸው ወረደ። «ከመነሻው። አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ ነገ ሌላ ሰው አሰልፋለሁ።»

ወደ መነሻው ሲመለሱ ጋሽ ሳህን በጆሮዋ፣ «አትታገዪው» አላት። «ዕድሜውን ሙሉ ጠብቀነዋል። አሁን እሱ እንዲከተልሽ ከፈለግሽ መጀመሪያ አንቺ ጠብቂው። ስንቆም የመጨረሻዋ ምት ያንቺ ናት። እሷ ሳትወድቅ ከሰልፍ የሚበተን የለም። ማንም።»

«ወደፊት፣ ሂድ!»

በዚህኛው እሱን ጠበቀችው። ዱም፣ እ-ዱም። ዱም፣ እ-ዱም። ክንዷ ሳታስተምረው ያውቀዋል። ባንዱ በሙሉ በባዶው መንገድ አነከሰ፣ ግን አንድ ላይ አነከሰ፤ ማዕዘኗንም እንደ በር በማጠፊያዋ ዞሯት። ከኋላዋ ጠቅ፣ ሸሽሽ። እንዲህ ቢዘልቅስ ብላ ተመኘች። ነገም፣ በሚቀጥለውም። ማን ይከለክላታል?

አለቃው ይከለክሏታል። ያ ቁም ሣጥንም አለ። ደግሞ፣ ይህን አምና መቀበል ባትፈልግም፣ ያ እግር ደክሞት ነበር። ሸሽሽታው ከድሮው ረዝሟል።

ከማዕዘኗ እስከ መድረኩ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መዘግየቷን በትንሽ በትንሹ አጠበበቻት፤ የሕፃን እጅ ይዞ ደረጃ እንደሚያወርድ ሰው። ትከሻዎቹ ተራ በተራ ቀና አሉ። ሸሽሽታው አጠረ። መድረኩ ፊት ሲደርሱ ከኋላዋ ሁለት እኩል እግር ነበር፤ በሕይወቱ አንድም ቀን እንዲያ ተራምዶ አያውቅም።

«ቁም!»

ባንዱ ቀጥ አለ። የአለቃው በትር ተነሥቶ ቆመ። ሁሉም የመጨረሻዋን ምት ይጠብቃል። መምቻው አየር ላይ ነው። ከኋላዋ ኮቱ፣ ሣጥን ውስጥ እንደቆየ ልብስ፣ የብል መድኃኒት ሸተታት። አንዴ ብትዞር። አንዴ ብቻ።

መታች።

ዘበኛው ባንኖ ነቃና አጨበጨበ።

«ነገም እንደዚሁ» አሉ አለቃው የግንባራቸውን ላብ እየጠረጉ። «ከበሮው ያንቺ ነው።»

ልብስ ክፍል ስትመለስ ኮቱ እንደተሰቀለ ነው። ቦት ጫማው ግን አቧራ ለብሷል። እትዬ መርፌ ከነአቧራው ሣጥን ውስጥ ከተቱት።

ቤቷ ስትደርስ ገና መምሸቱ ነው። እናቷ ገርበብ ካለው በር አጠገብ ተቀምጣ ወደ ደረጃው ጆሮዋን ጥላለች። ሦስቱ ሳህኖች ተደርድረዋል።

«እማ፣ ከበሮው ተሰጠኝ!»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አለች እናቷ፤ ዓይኗን ከደረጃው አላነሣችም። «ዛሬ ዘገየ» ብላ ጨመረች።

«ማን?»

እናቷ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አልመሰላትም። «እስካሁን መጥቶ ደረጃው ላይ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበር። ወደ ውስጥ አይገባም። አንቺ ማታ እየደከመሽ ስለምትመጪ አልነገርኩሽም።»

ትንሿ ዱም ወደ ሦስተኛው ሳህን ዞረች። ያን ሁሉ ማታ። ያን ሳህን። መድረኩ ፊት የመታቻት አንዲት ምት ጆሮዋ ውስጥ ገና አልጠፋችም።

«ዕቃ ረስቻለሁ» ብላ ወጣች። እስከ ታች ወረደች። ከዚያ ቦት ጫማዋን እየጎተተች መውጣት ጀመረች። ጠቅ። ሸሽሽ። ጠቅ። ሸሽሽ። አባቷ ሲረግጥ እንደኖረው አድርጋ፣ አንድም ሳታጓድል።

በሩ ጋ ስትደርስ እናቷ ቆማ ጠበቀቻት። ወደ ቦት ጫማዋ አየች።

«አንቺ ነሽ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ያንቺ ሁሌም እኩል ነው የሚዘገየው። የሱ አንዳንዴ ይበዛ ነበር፣ አንዳንዴ ያንስ።» ወደ ውስጥ ገባች። ሦስተኛውን ሳህን አንሥታ መደርደሪያው ላይ መለሰችው፣ በሩን ገጥማ ቁልፉን አዞረች። እጇን ቁልፉ ላይ እንዳደረገች ቆየች።

«ዛሬ ሙሉ ልብስ ነበር፤ መሄጃውን ሲሄድ ያነክስ ነበር?» አለች።

«አይ፣ እማ። ቀጥ ብሎ ነበር።»

«ነይ፣ ብዪ» አለች እናቷ። «ነገ ቀድሜ ወጥቼ ከፊት እቆማለሁ።»