ሳትታጠብ ስሟት

ሸዋወርቅ በናዝሬቱ የእህል ማጓጓዣ ጋራዥ መኪና አጣቢ ነበረች። አጣቢ ሲባል ባልዲ ይዞ የሚንከላወስ ሰው የሚመስለው ካለ እሷን አላየም ማለት ነው። የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ በሩ ላይ ስትቆም፣ ከቡልቡላም ይምጣ ከዝዋይ፣ ማንም ሾፌር መኪናውን ሳያሳጥብ ወደ ውስጥ አያልፍም። ሕግ ነው። ሕጉን ያወጡት ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተክለሃይማኖት ሲሆኑ፣ አቧራ የለበሰ መኪና ግቢያቸው ውስጥ ካዩ ራስ ምታት የሚነሣባቸው ሰው ነበሩ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ካከበረ ገና ወር ከምናምኑ። ለበዓሉ በከተማው አጥሩም ምሰሶውም የመንገድ ዳር ድንጋዩም ሳይቀር ቀለም ሲቀባ፣ የጋራዡ አሥራ ሁለት የጭነት መኪኖችም ተቀቡ፤ ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥር ሻንሲያቸው ቀይ። የሥሩ ሥራ ለአምስቱ አጣቢዎች ተሰጠ። ሌሎቹ አንድ አንድ ጊዜ ለቅለቅ አድርገው ሲነሡ፣ ሸዋወርቅ ግን የደረሷትን መኪኖች በጀርባዋ ተንጋላ ሦስት ሦስት ጊዜ ደራርባ ቀባች። እውነቱን ለመናገር አምሮባቸው ነበር፤ እሷም በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ደረቷን ነፋ ታደርግ ነበር።

ከበዓሉ ወዲህ ታዲያ የጋሽ ጉደታ ኤንትሬ መጮኽ ጀመረች። ኤንትሬ አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ናት፤ ጋሽ ጉደታ ደግሞ ሃያ ዓመት ሲነዱ አንድም ቀን ሰበብ ፈጥረው የማያውቁ ሰው ናቸው። “ከፊት በኩል ነው” ይላሉ። “ጉድጓድ ስገባ፣ ፍሬን ስይዝ፣ ሲጥጥጥ ትላለች። ባሌስትራው ሊለቅ ነው መሰለኝ።” ባሌስትራው፣ ያ ተነባብሮ ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ቅጠል፣ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ምን እንደሚከተል የማያውቅ ሾፌር የለም።

ሦስት ጊዜ አምጥተው አስመረመሩ። የመካኒኮቹ አለቃ ንዋይ ሦስቱንም ጊዜ በክሪክ አነሣት፤ ጎማዋን ወዘወዘ፤ ብሎኗን ሁሉ አጠበቀ፤ ግቢውን አዞራት። ኤንትሬዋ ጭጭ። ንዋይ ሰነፍ አልነበረም፤ ያልሰማውን ድምፅ ግን ከየት ያምጣው? በሦስተኛው ጓድ ተክለሃይማኖት ትዕግሥታቸው አለቀ። “ሕዝብ ተርቦ እህል እየጠበቀ ይሄ ሰው ሰበብ ይፈጥራል!” ብለው ጋሽ ጉደታን ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አቀረቧቸው። ስብሰባው ዕለት መኪናዋን ያስረክባሉ፣ ከሥራም ይታገዳሉ። “አሻጥር” የምትል ቃልም ክሱ ላይ ጣል ተደርጋለች፤ በዚያን ጊዜ ይህቺ ቃል የተጻፈችበት ሰው ቤቱ መግባቱን እርግጠኛ መሆን አይችልም ነበር።

ሸዋወርቅ ግን ድምፁን ሰምታዋለች። ሦስቱንም ጊዜ! ኤንትሬዋ በሩ ላይ ያለውን ጉብታ ስትወጣ ሲጥጥጥ ትላለች፤ ታጥባ ስትገባ ምንም። አንዴ ለንዋይ ብትነግረው “እትዬ ሸዋዬ፣ ውሃው ጆሮሽ ገብቶ ነው” ብሎ ስቆ አለፈ። በጣም ነበር የተናደደችው።

ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ዕለት ማለዳ ከቤቷ ስትወጣ የግቢዋ የቆርቆሮ በር ሲጥጥጥ አለባት። ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ የከረመ በር ነው። ቆም ብላ ማጠፊያውን አየችው። ዝናቡ ካባራ ወዲህ ደርቋል፤ ዝም ያሰኘው ውሃው ነበር።

“ወይኔ ሸዋ!” አለች ደረቷን ይዛ። “ድምፁን የማጠፋው እኔ ነኝ!”

ጋሽ ጉደታ ጭነታቸውን ወለንጪቲ አራግፈው ረፋድ ላይ ከነአቧራቸው ደረሱ። ቁልፍ ሊያስረክቡ ነው የመጡት።

“አካም ቡልቴ፣ ሸዋዬ” አሉ ከካቢናው አንገታቸውን አውጥተው። “በይ እጠቢያትና ልሰናበታት።”

“አላጥባትም” አለች። ቧንቧውን ዘግታ በሩ መሃል ተገተረች። “ንዋይን ጥሩት! ሳትታጠብ ይስማት!”

ንዋይ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ጫጫታውን ሰምተው ጓድ ተክለሃይማኖትም ከቢሮ ወጡ። “ጓድ ሸዋወርቅ፣ መመሪያ እየጣስሽ መሆኑን ታውቂያለሽ?”

“አውቃለሁ ጓድ። አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ።” “ጋሽ ጉደታ፣ ጉብታው ላይ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያድርጓት እስቲ።”

ሲጥጥጥ! የንዋይ ፊት ተለዋወጠ። “ይድገሙት ጋሼ!” ሲጥጥጥ!

ሸዋወርቅ ውሃውን በቀጭኑ ከፈተችና መጀመሪያ የቀኙን ባሌስትራ ብቻ አራሰች። አሁንም ሲጥጥጥ። ወደ ግራ ዞራ የኋለኛውን ጫፍ አራሰች። ያው ነው። ከዚያ የፊተኛውን ጫፍ፣ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር ፒርኖ በሚባለው የብረት ካስማ የተያያዘበትን ቦታ አራሰች። ኤንትሬዋ ጉብታውን ወጣች፣ ወረደች፤ ድምፅ የለም።

ንዋይ ካቻቪቴውን ይዞ ከሥር ገባ። ሲፍቅ ተሰማ። ሲወጣ መዳፉ ላይ የጥፍር ያህል ውፍረት ያለው ቀይ የቀለም ቅርፊት ይዟል።

“ቅባት የሚገባበት የግራሶ መስጫው ተደፍኖ ነው” አለ። “ሦስት እጅ ቀለም! ግራሶ ሰጪው የብሎን ራስ መስሎት አልፎታል። ፒርኖው ይሄን ሁሉ ቀን በደረቁ ሲፋጭ ነበር። ትንሽ ቢቆይ ተበልቶ ይለቅ ነበር፤ ጋሼ እውነታቸውን ነው።”

ጋሽ ጉደታ መሪያቸው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። ጓድ ተክለሃይማኖት ግን ፊታቸው ቀላ። “ይሄማ ራሱ አሻጥር ነው! ማነው የቀባው?”

አምስቱም አጣቢዎች ተያዩ። የትኛው መኪና ለማን እንደደረሰ የጻፈ የለም። ሸዋወርቅ ቅርፊቱን አየችው። ሦስት እጅ የሚቀባ ማን እንደሆነ ለራሷ አልጠፋትም። ዝም ብትል ያልፍ ነበር፤ ወይም ያቺ ቃል ከጋሽ ጉደታ ላይ ተነሥታ ሌላው ምስኪን ላይ ታርፍ ነበር።

“እኔ ነኝ” አለች።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች።

“‘ጣት የምታህል ቦታ ሳትቀባ እንዳትቀር’ ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት ጓድ። አላስቀረሁም። ካጠፋሁ አጥፍቻለሁ። ጥፋቴን ፈልጌ ያገኘሁትም እኔው ነኝ።”

ጓድ ተክለሃይማኖት ግቢው ውስጥ በተርታ የቆሙትን ቀያይ ሻንሲዎች ቃኙ። ትእዛዛቸው ሳይታወሳቸው አልቀረም። “በሉ፣ ወደ ሥራችሁ” አሉና ገቡ። ኮሚቴው ያን ቀን አልተሰበሰበም፤ ከዚያም በኋላ አልተሰበሰበም።

ንዋይ ኤንትሬዋን በክሪክ አነሣት፤ ክብደቱ ካልተነሣለት ግራሶው ፒርኖው ውስጥ አይገባም። መስጫውን አጸዳና ፓምፑን ለሸዋወርቅ ሰጣት። “አንቺ ጨርሺው እትዬ ሸዋዬ። ስለ ሳቅኩብሽ ይቅርታ።” ገፋች፤ መጀመሪያ ዝገት የበላው ጥቁር ወጣ። ደግማ ደጋግማ ገፋች፤ ንጹሕ ቢጫ ግራሶ በሁለቱም ወገን ብቅ አለ። ጋሽ ጉደታ ከነአቧራቸው ጉብታውን ሦስት ጊዜ ተመላለሱበት። ድምፅ የለም። “ገለቶሚ ሸዋዬ፣ ገለቶሚ!” ብለው እያመሰገኑ ጥሩምባቸውን ሲያንባርቁት፣ እሷ ኩራቱ አላስችል ብሏት እንባዋ መጣ።

በሦስት ቀን ውስጥ የቀሩትን አሥራ አንድ መኪኖች ፈትሻ አራት የተደፈነ መስጫ አገኘች። ንዋይም በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቀለ፦ “ማንኛውም መኪና ከመታጠቡ በፊት ሸዋወርቅ ትስማው።”

ከሳምንት በኋላ የጓድ ተክለሃይማኖት የቢሮ መኪና በሩ ላይ ደረሰች። ጥሩምባ ተነፋ። ሸዋወርቅ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ እጇን አነሣች።

“ሞተሩን ቀነስ አድርገው፣ ቀስ ብለው ወደ ፊት ጓድ።”

ጓድ ሰሌዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ቀስ ብለው ነዱ። ጎንበስ ብላ አዳመጠች።

“የኋላ ግራ ጎማ፣ ኩሽኔታው ነው” አለች። “ንዋይ ይየው።” ከዚያ ውሃውን ከፈተች።